የኦቦ አማን ስድስት ጎራሽ

ጂኒ የለም ብዬ አላውቅም፣ መኖሩን ቁርኣኑም ይናገራል፣ እሱን የሚክድ ሙስሊም የለም፤ ግን እገሌ ከገበያ ሲመለስ አንድ ነገር ተከተለው፣ እገሊት ውሃ ስትቀዳ በስሟ ጠሯት ሲሉኝ፣ «ለመሆኑ ስንት ቀን ነው ሳይተኛ ጫት ሲቅም የሰነበተው?» ብዬ የምስቅ ሰው ነበርኩ። ሥራዬ ከብረት ጋር ነው፣ ብረት ደግሞ አይዋሽም፤ ከተሰበረ የተሰበረበት ምክንያት አለው፣ ከዛገ ውሃ ነክቶታል፣ ድምፅ ካሰማ የላላ ብሎን አለ። ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ኖሬአለሁ። ስለዚህ አሁን የማጫውትህን እንደ ተረት እንዳትሰማው፣ ወላሂ፣ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምነውም ነበር።

አሰላ ውስጥ፣ የፈረስ ጋሪዎች ከሚቆሙበት አጠገብ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። የልብስ ስፌት መኪና እጠግናለሁ፣ የውሃ ፓምፕ እፈታለሁ፣ የጠፋ ቁልፍ እቀርጻለሁ፤ ከአባቴ የወረስኩት ዋናው ሙያ ግን መሣሪያ ማደስ ነው፣ በተለይ አሮጌ ሽጉጥ። ሰው ከአባቱ የቀረለትን ይዞ ይመጣል፣ ፈቃዱን ያሳየኛል፣ ወረቀት የሌለውን እጄ አይነካም፣ ከዚያ ዝገቱን እጠርጋለሁ፣ የደከመ ሞላ እቀይራለሁ፣ የነጣውን ብረት አጠቁራለሁ፣ እጀታውን ባለቤቱ እንደወደደ በቀንድ ወይም በወይራ እንጨት እሠራለታለሁ። አንዳንዱ ስሙን ያስቀርጻል፣ አንዳንዱ የልጁን ስም። ከሁሉ የምወደው ስድስት ጎራሹን ነው፣ ያንን ስድስት ጥይት የሚሞላበት ክብ ብረት ያለውን፣ መቺው ወደ ኋላ በተሳበ ቁጥር ክቡ አንድ እርምጃ የሚዞረውን፤ ምክንያቱም ሁሉ ነገሩ ፊት ለፊት ይታያል፣ የሚደብቅህ ነገር የለውም። እንደዚያ ነበር የማስበው።

ባለፈው ክረምት ነኢማ የምትባል፣ እዚሁ አሰላ ቢሮ የምትሠራ ልጅ ሱቄ መጣች። ትውልዷ ከጮሌ ወዲያ ገጠር ነው።

«ጋሽ ጀማል፣ የአባቴን ሽጉጥ እንዲያድሱልኝ ነው» አለችኝ። «አባቴ አማን ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። ፈቃዱ በእናቴ ስም እንዲዞር ጠይቀን ነበር፣ ግን ቁጥሩ በዝገት ተበልቶ አይነበብም። ካልተነበበ ደግሞ መሣሪያውን መልሱ ነው የሚሉን።»

«ታዲያ ይዘሽው ነይ።»

«ባለፈቃዱ ሞቷል፣ ይዤው ብንቀሳቀስ እኔ ነኝ የምታሰረው። ካለበት ቤት ሳይወጣ እንዲታደስ የሚል ወረቀት አጽፌአለሁ። የመንገዱን ወጪ እችላለሁ።»

ወረቀቱን አየሁት፣ ማኅተሙም ፊርማውም ደህና ነው። «እናትሽ ሽጉጥ ምን ያደርግላቸዋል?» አልኳት።

«ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ ጫካው ዳር። ባትተኩሰውም ቤት ውስጥ መሣሪያ እንዳለ ሰው ካወቀ ይበቃታል።» ከዚያ ትንሽ አመነታችና፣ «አንድ ነገር ልንገርዎት። አጎቴ ቃሲም፣ የአባቴ ታናሽ ነው፣ ሽጉጡ እንዲነካ አይፈልግም። ይቀበር ይላል፣ ወይም ለመንግሥት ይመለስ። ለምን ስንለው መልስ የለውም። ቢመጣብዎትም እርስዎ ሥራዎን ይሥሩ» አለችኝ።

የቤተሰብ ነገር ነው ብዬ አለፍኩት። የውርስ መሣሪያ ሲታደስ ሁሌም አንድ የሚያኮርፍ ዘመድ አይጠፋም። እጀታው ለሁለት ተሰንጥቆ ስለነበር ፎቶውንና ልኩን በቴሌግራም ላከችልኝ፣ እኔም እዚሁ ሱቄ ውስጥ ከደረቅ ወይራ አዲስ እጀታ ጠረብኩ፣ ለስልሶ እንደ ሳሙና እስኪሆን በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ ከዚያ አንድ ማለዳ መሣሪያዎቼን በቦርሳ አዝዬ በሚኒባስ ወደ ጮሌ ወጣሁ።

ከጮሌ በሞተር ሳይክል ነው የሄድኩት። ልክ ዳገቱን ስንጀምር ከጉጉ ተራራ ጭጋግ ወረደብን፣ እመነኝ፣ የሞተረኛው ጀርባ አፍንጫዬ ሥር ሆኖ እንኳ የጃኬቱን ቀለም መለየት አቅቶኝ ነበር። ቤቱ ደጃፍ አደረሰኝና ከአስር ሰላት በኋላ እመለሳለሁ ብሎኝ ሄደ።

እናትየዋን አዴ ሩቂያ ነው የሚሏቸው፣ በእኛ በኩል ትልቅ ሴት አዴ፣ ትልቅ ወንድ ኦቦ ይባላል፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ነገር የማያበዙ ሴት ናቸው። ገንፎ አበሉኝ፣ ዙህር ሰገድኩ፣ ከዚያ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ከዋናው ቤት ሠላሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ የእህል ቤት አለ፣ ለብቻው የቆመ፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በአንድ በኩል ፍርግርግ ያላት የክንድ ስፋት መስኮት። ገብሱ ተሽጦ ስላለቀ ጥግ ላይ ከቆሙ ሦስት ጆንያዎች በቀር ባዶ ነው። ሽጉጡ በጨርቅ ተጠቅልሎ በቆርቆሮ ሳጥን ተቀምጧል።

«ጥይቶቹስ?» አልኳቸው።

ከቀሚሳቸው ኪስ አንዲት ትንሽ ከረጢት አውጥተው አሳዩኝ። «ስድስት ናቸው። ስድስቱም እኔ ጋ ናቸው። አልተተኮሰበትም።»

«ጥሩ፣ እርስዎ ጋ ይሁኑ።»

«ልጄ፣ ታች ሰፈር ለቅሶ አለብኝ፣ ፊቴን አሳይቼ ልመለስ ነው። የጎረቤት ልጆች ግቢውን መጫወቻ አድርገውታል፣ ሽጉጥ ካዩ ይገቡብሃል።»

«እንግዲያው በሩን ከውጪ ይዝጉብኝ፣ እኔ ሥራ ከያዝኩ መውጣት አልፈልግም» አልኳቸው። ራሴው ነኝ ያልኩት፣ ማንም አላስገደደኝም። የበሩን ማጠፊያ አጠፉና እንጨት ሰኩበት፣ የእግራቸው ድምፅ ወደ ታች እየራቀ ሄደ፣ ከዚያ ግቢው ጭር አለ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሌ የማደርገውን ነው፣ ባዶ መሆኑን አየሁ። ክቡ በዝገት ተጣብቆ አልዞር ቢልም በግድ ወደ ጎን አውጥቼ ከፈትኩት፣ በስድስቱም ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ አሳለፍኩ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ መስኮቱ አዙሬ አየሁት፣ ብርሃን በስድስቱም ያልፋል። ይህን ልብ በልልኝ፤ ሽጉጡ ባዶ ነበር። በነጭ ጋዝ አራስኩት፣ በብሩሽ ጠረግኩት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ክቡ ላላ፣ ቁጥሩም እጀታው ሥር ካለው ብረት ላይ አንድ በአንድ ብቅ አለ፣ በደብተሬ ጻፍኩት። ደስ ብሎኝ ነበር። እንዲያውም እያፏጨሁ ነበር።

ዘይት ቀብቼ ጆንያው ላይ አስቀመጥኩትና አዲሱን እጀታ ከቦርሳዬ ላወጣ ጎንበስ ስል፣ ቀጭ አለ። ክቡ አንድ እርምጃ ዞረ። ሞላው ውስጥ የቀረ ዘይት ቦታውን ሲይዝ ነው አልኩ፣ ያጋጥማል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቀጭ። ይህ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አያጋጥምም፤ ክቡ የሚዞረው መቺው ወይም ቃታው ሲሳብ ነው፣ ብቻውን ተኝቶ የሚዞርበት ምክንያት የለም። የተበላ ጥርስ ይኖረዋል፣ በኋላ አየዋለሁ ብዬ እጀታውን ገጠምኩ፣ ሁለቱን ብሎኖች በካቻቢቴ አጠበቅኩ፣ ልክክ አለ። ሥራ ስጨርስ እጀታው ለእጅ መስማማቱን ለማወቅ ጭብጥ አድርጌ እይዘዋለሁ፣ ይህንንም ያዝኩት።

ከዚያ አልለቅ አለኝ።

አልተጣበቀም፣ ሙጫ አልነበረም፣ ቀለም አልነበረም። እጄ ነው አልፈታ ያለው። ጣቶቼን ክፈቱ እላቸዋለሁ፣ የሰሙኝ አይመስሉም። በግራ እጄ ትንሿን ጣቴን ይዤ ላነሳት ሞከርኩ፣ እንደ ሞርሳ ጠብቃለች፣ እንዲያውም በሳብኳት ቁጥር ይበልጥ ትጨብጣለች፣ አጥንቴ ሲንቋቋ ይሰማኛል። ቁርጥማት ነው አልኩ፣ ብርድ ነው፣ ስንት ሰዓት ሙሉ በጋዝ የራሰ እጅ ነው። እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳጽናና ነው ከውጪ እርምጃ የሰማሁት።

የሰው እርምጃ ነው። ጭቃ ውስጥ የገባ ጫማ ሲላቀቅ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቀዋለህ፣ እንደ መምጠጥ ያለ፣ እሱ ነው። ከመስኮቱ በኩል ካለው ግድግዳ ጀመረ፣ አንድ እርምጃ፣ ቆም፣ አንድ እርምጃ፣ ቆም። አዴ ሩቂያ ናቸው ብዬ «አዴ» ብዬ ተጣራሁ። ቆመ። ከዚያ ቀጠለ። እና በዚያች ቅጽበት ክንዴ ተነሳ።

እኔ አላነሳሁትም። ቀና ብሎ ተዘረጋ፣ አፈሙዙ ወደ ግድግዳው ዞረ፣ ድምፁ ወዳለበት፣ ከዚያ ድምፁ ወደ ቀኝ ሲሄድ ክንዴም ወደ ቀኝ ሄደ። እርምጃው ሲቆም ይቆማል፣ ሲራመድ ይዞራል። በጭቃ ግድግዳ ውስጥ አሻግሮ የሚያይ ይመስል። እግሬን ተክዬ ወደ ኋላ ልሳበው ብል ትከሻዬ ሊገነጠል ሆነ፣ ስለዚህ አብሬው መዞር ጀመርኩ፣ እንደ አህያ በገመድ እየተሳብኩ፣ በራሴ ክንድ። አዑዙ ቢላሂ አልኩ፣ የመጠበቂያውን የቁርኣን አንቀጽ፣ አየተል ኩርሲን ጀመርኩ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እየተኛሁ እንኳ የምቀራውን፣ ሁለተኛው ቃል ላይ ጠፋብኝ። ደግሜ ጀመርኩ፣ እዚያው ላይ ጠፋብኝ።

እርምጃው በስተኋላ ያለውን ግድግዳ ጨረሰ፣ በሦስተኛው በኩል ዞረ፣ በዚያ በኩል ደረቅ ሣር ስላለ ድምፁ ተለወጠ፣ ሸሽ ሸሽ የሚል ሆነ። ከዚያ በሩ ጋ ደረሰና ቆመ። ክንዴም በሩ ላይ ቆመ።

በሩ ከውጪ የተዘጋ ነው፣ መስኮቱ ፍርግርግ አለው፣ ግቢው ውስጥ ሰው የለም፣ ስልኬ በቀኝ ኪሴ ነው፣ ቀኝ እጄ ደግሞ የእኔ አይደለም። በግራዬ ስልኩን ለማውጣት ጠምዘዝ ስል ክንዴ ከበሩ እንዳይነቀል ብሎ መልሶ አቀናኝ። ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም፣ ላብ አይኔ ውስጥ እየገባ መጥረግ አልቻልኩም። በበሩ ሳንቃዎች መካከል ጣት የምታህል ስንጥቅ አለች፣ የጭጋጉ ነጭ ብርሃን በእሷ ይገባ ነበር፣ እርምጃው ከቆመ በኋላ ግን ስንጥቋ ከላይ እስከ ታች ጠቆረች። የሚያንኳኳ የለም። የሚተነፍስ የለም። አውራ ጣቴ መቺውን ቀስ ብላ ወደ ኋላ ስትስብ አየኋት።

ያኔ ነው ከሩቅ፣ ከዋናው በር በኩል፣ የበቅሎ ኮቴና የሰው ድምፅ የሰማሁት። «ሩቂያ፣ ሩቂያ» ይላል፣ የወንድ ድምፅ። ይህን አስተውል፣ ሰውየው ገና ከግቢው በር እየገባ ነው፣ የእኔ በር ላይ ያለው ግን እዚያው አለ፣ ስንጥቋም እንደጠቆረች ናት። «አይምጡ» ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት፣ ቃሉ እንደ አየተል ኩርሲው ጠፋብኝ። በቅሎዋን ሲያስር ሰማሁት። እየተራመደ መጣ፣ ፈጣን፣ የንዴት እርምጃ፣ በቀጥታ ወደ በሩ፣ ማንም ያልቆመበት ይመስል። እንጨቱን ነቀለ። በሩን ከፈተ።

አጭር፣ ሽበታም፣ ካፖርት የለበሰ ሰውዬ ነው። አፈሙዙን ደረቱ ላይ አገኘው። ቃታው ተሳበ፣ መቺው ወረደ፣ ቀጭ። ሽጉጡ ባዶ እንደሆነ እያወቅኩ ገደልኩት አልኩ። እንደገና ቀጭ። እንደገና ቀጭ። ሰውየው ፊቱ አመድ መሰለ፣ ግን አልሸሸም፣ አልጮኸም፤ እኔን ሳይሆን እጄን እያየ ወደ ጎን አንድ እርምጃ ገባና ግድግዳውን ተጠጋ።

ክንዴ አልተከተለውም። ወላሂ አልተከተለውም። በሩ ላይ ቀረ፣ ባዶው በር ላይ፣ ጭጋጉ ላይ፣ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ሰውየው ወደ በሩ ዞሮ አየ፣ ያየውን እኔ አላየሁም፣ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ በሩን በትከሻው ዘጋው፣ ዝናብ የሚዘጋ ሰው ሳይሆን ሰው የሚገፋ ሰው እንደሚዘጋው። ውጪ በቅሎዋ ገመዷን በጥሳ ወደ ታች ስትጋልብ ተሰማን። ያኔ እጄ ተከፈተ። ሽጉጡ መሬት ወደቀ።

ሰውየው በሩን በትከሻው እንደደገፈ ቆየ። በመጨረሻ፣ «ቃሲም ነኝ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። «የአማን ወንድም።»

«እጄ ነው ኦቦ ቃሲም፣ ብርዱ ነው፣ ቁርጥማት ያዘኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ።

እሱ አዴ ሩቂያ እስኪመለሱ ድረስ እዚያው ግድግዳ ሥር ተቀመጠ፣ እኔም ብቻዬን ለመውጣት አልደፈርኩም፣ ሁለት ጎልማሶች በባዶ የእህል ቤት፣ በሩ ከውስጥ የማይቆለፍ፣ ዓይናችን በሩ ላይ። በመጡ ጊዜ መጀመሪያ ያዩት እጄን ነው። መዳፌ ቀልቶ፣ ጣቶቼ የእጀታው ቅርጽ ወጥቶባቸው ነበር።

«ይዞህ ነበር?» አሉኝ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። እሳቸውም መሬት ላይ ያለውን ሽጉጥ በጨርቅ አንስተው እየጠቀለሉ፣ የሌላ ሰው ነገር እንደሚያወሩ አድርገው፣ «የነኢማን አባት ከገበያ ሳይመለስ አድሮ በማግስቱ ጠዋት ገደል ሥር ስናገኘው ሽጉጡ በእጁ ነበር። ለጀናዛ ስናጥበው ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው የፈታናቸው። ሁለቱ ተሰበሩብን» አሉ። ኦቦ ቃሲም ቀና ብሎ አላየንም።

ሞተረኛው መጣ፣ ሄድኩ። ቁጥሩን ለነኢማ በስልክ ነገርኳት፣ ፈቃዱ በእናቷ ስም ዞረ፣ እጀታው እንዴት አምሯል ብላ አመሰገነችኝ። የሆነውን አልነገርኳትም። ምን ብዬ?

በኋላ፣ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ አንድ የገበያ ቀን ጠዋት፣ ፀሐይ ወጥታ፣ መንገዱ በባጃጅና በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ ኦቦ ቃሲም ሱቄ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከስቷል፣ ካፖርቱ ሰፍቶታል። ግባ ሳልለው ገባ፣ በርጩማውን ስቦ ጥግ ላይ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀመጠ። ሻይ ላስመጣ ስለው አልፈልግም አለ።

«የምነግርህን ለሩቂያም ለልጅቷም አልነገርኩም» አለኝ። «አማን የሞተ ቀን እኔና እሱ ከገበያ እየተመለስን ነበር፣ ሁለታችንም በበቅሎ። ዳገቱ ላይ ጭጋግ ያዘን። አማን ቆመና፣ ቃሲም፣ ከኋላችን በእግሩ የሚመጣ ሰው አለ አለኝ። የበቅሎዎቹ ኮቴ ነው አልኩት። ግን ሰምቼዋለሁ። እሱ ሳይናገር በፊት ነው የሰማሁት። አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ ይቆማል። አማን ሽጉጡን አወጣ። እስከ ወንዙ አብረን እንውረድ፣ አትራቀኝ አለኝ።»

መንገዱ ላይ የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማ፣ ሰውየው ትከሻው ቀጥ አለ፣ ከዚያ ቀጠለ።

«እኔ በቅሎዬን መታኋት። አንዴ ብቻ በስሜ ጠራኝ። ዞር አላልኩም። ለሰው ሁሉ የነገርኩት በጭጋጉ ተለያየን ብዬ ነው፤ ሽጉጡም እንዲቀበር የፈለግኩት እሱን ባየሁ ቁጥር ጥሪው ስለሚሰማኝ ነው።»

«አላህ ያውቃል፣ ምን ማድረግ ይችሉ ነበር» አልኩት።

«እሱን አይደለም የምጠይቅህ።» ጎንበስ ብሎ ዓይኔን አየኝ። «በሩን ስከፍት ሽጉጡ ደረቴ ላይ ነበር። ወንድሜ ሊቀጣኝ ነው ብዬ ቆምኩለት። ይገባኛል ብዬ ነው የቆምኩት። ከዚያ ግን ወደ ጎን ስገባ አልተከተለኝም። ጀማል፣ አንተ የመሣሪያ ሰው ነህ፣ አፈሙዝ የት እንደሚያይ ታውቃለህ። እኔን ነበር ወይስ ከኋላዬ ያለውን?»

እውነቱን አውቀዋለሁ። እሱ ገና ከግቢው በር ሲጣራ ክንዴ በሩ ላይ ነበር፣ ስንጥቋም ጠቁራ ነበር። እሱን አልነበረም። ይህን ብነግረው ወንድሙ እንዳልጠላው ያውቃል፣ ሦስት ዓመት የበላው ነገር ይቀልለታል፤ ግን ያው ቃል፣ ያኔ አማንን የተከተለው አሁን ከእሱ ኋላ እንደቆመ ይነግረዋል። ሁለቱን ለይቼ መንገር የምችልበት መንገድ አጣሁ። «እኔ እንጃ ኦቦ ቃሲም፣ ቁርጥማት ነው አልኩዎት እኮ» አልኩት።

ብዙ አየኝ። ከዚያ፣ «እሺ» ብሎ ተነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ወደ መንገዱ አየ፣ ግራ ቀኝ፣ ሳይዞር ደግሞ፣ «መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ» አለኝ። ትልቅ ሰው ነው፣ ከሩቅ የመጣ እንግዳ፣ መናኸሪያው ደግሞ አስር ደቂቃ አይርቅም፣ በጠራራ ፀሐይ።

«ሥራ ይዤአለሁ» አልኩት።

ፊቴ የተከፈተ ሥራ አልነበረም። እሱም አይቷል። ራሱን ነቀነቀና ወጣ፣ እኔም ልማዱ እንደሚያዘው በር ድረስ ልሸኘው ሲገባኝ ከኋላው ፈጥኜ በሩን ዘጋሁት። በመስታወቱ አየሁት፣ ጋሪዎቹ በቆሙበት በኩል ሲያልፍ። አንደኛው የጋሪ ፈረስ ሲያልፍበት ወደ ኋላ ሸሸት አለ፣ ባለቤቱ ልጓሙን ሳበው። ኦቦ ቃሲም አለፈ፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ራቀ። ከዚያ ፈረሱ እንደገና ሸሸት አለ፣ ከፊቱ ማንም ሳይኖር፣ ጆሮዎቹን ወደ መናኸሪያው መንገድ ቀስሮ።

ይህ የሆነው ባለፈው ሐሙስ ነው። ዓርብ ነኢማ ሁለት ጊዜ ደወለችልኝ፣ ቅዳሜ አንድ ጊዜ። ስልኩ ሲጮህ ስሟን አያለሁ፣ እጄን ወደ ስልኩ እዘረጋለሁ፣ ከዚያ እተወዋለሁ። ስለ እጀታው ሊሆን ይችላል፣ ስለ አጎቷም ሊሆን ይችላል፣ አላውቅም። መልሼ አልደወልኩላትም።